ካናዳ ሆነን የአሜሪካን ዕቃ እንተው ካልን፣ የቱን በየቱ?

ትራምፕ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ካናዳ ላይ የ25 በመቶ ታሪፉን ከፈረመ ወዲህ እዚህ አገር የሰዉ ዕቃ አገዛዝ ተቀይሯል፣ ድሮ ዋጋ ብቻ አይቶ ቅርጫት ውስጥ ይወረውር የነበረው ሁሉ አሁን ዕቃውን ገልብጦ ጀርባውን ያነባል። ታሪፉ ለ30 ቀን ዘግይቶ ማርች 4 ሲጀምር የኦንታሪዮ መንግሥት መጠጥ ሻጭ ኤልሲቢኦ በዛው ቀን የአሜሪካን ወይንና ውስኪ ከመደርደሪያ አወረደ፣ የአሜሪካ 51ኛ ስቴት ትሆናላችሁ የሚለው የትራምፕ ወሬ ደግሞ ነገሩን ከኪስ ወደ ክብር ወሰደው። ከዛ በኋላማ ዝርዝር በዝርዝር ሆንን፣ ይሄን ግዙ ያን አትግዙ። ችግሩ ዝርዝሮቹ የተሠሩት ኬቻፕና ፒነት በተር ለሚገዛ ቤት ነው። የኛ ቅርጫት ሌላ ነው፣ ጤፍ አለ፣ ምስር አለ፣ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት አለ፣ ስልኩ ላይ ቴሌግራምና ዋትሳፕ አለ፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ አገር ቤት የሚላክ ብር አለ። ቦይኮት አድርጉ ልላችሁ አይደለም፣ እሱ የየራሳችሁ ነው፣ ወስናችሁ ከሆነ ግን እስቲ በኛ ቅርጫት እንየው።

መጀመሪያ ግን ምኑን ነው የምትተዉት?

አንድ ዕቃ አሜሪካዊ የሚሆንበት መንገድ ሦስት ነው። የበቀለበት ወይ የተሠራበት ቦታ አለ፣ ትርፉን የሚወስደው ባለቤት አለ፣ ዲጂታል ላይ ስንመጣ ደግሞ ዳታችሁ በማን ሕግ ስር ነው የሚያድረው የሚል ሦስተኛ ነገር ይጨመራል። እነዚህን ሳትለዩ ከጀመራችሁ በሁለት ሳምንት ተሰላችታችሁ ትተዉታላችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ዕቃ በአንዱ ካናዳዊ በሌላው አሜሪካዊ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ኬቻፑን እንኳን ብናይ፣ ሄንዝ ኦንታሪዮ ውስጥ ሌሚንግተን የነበረውን ፋብሪካ 2014 ላይ ዘጋና ሰዉ ተቆጣ፣ ፍሬንችስ የሌሚንግተንን ቲማቲም እገዛለሁ ብሎ ጀግና ሆነ፣ ፍሬንችስ ራሱ ግን የአሜሪካው ማኮርሚክ ነው፣ ሄንዝ ደግሞ 2020 ላይ ኬቻፑን ተመልሼ ሞንትሪያል አመርታለሁ ብሎ ከዛ በኋላ ጀመረ። እና የትኛው ነው አሜሪካዊው? በባለቤት ሁለቱም ናቸው፣ ግን ሁለቱም እዚህ ለሚኖር ሰው እንጀራ ሆነዋል። ቲም ሆርተንስም እንደዛው ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቶሮንቶ ነው፣ ትልቁ ባለድርሻ ግን ብራዚላውያን ያቋቋሙት ስሪጂ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው።

እኔ የያዝኩት መንገድ እንዲህ ነው፣ ምግብ ላይ የበቀለበትንና የተሠራበትን ቦታ አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም የገበሬውም የሠራተኛውም ደሞዝ እዛ ነው ያለው። ዲጂታል ላይ ግን ፋብሪካ ምናምን የለም፣ ስለዚ ባለቤቱንና ሕጉን ነው የማየው። ሌላ ሰው በተቃራኒው ቢያስብ አልጣላውም፣ ብቻ አንዱን ይዞ ይቀጥል።

ሌብሉ ምን ይላል

ፕሮዳክት ኦፍ ካናዳ የሚለው ነው ጠንካራው፣ ምግብ ላይ ከሆነ ዋናው ግብዓትም ሥራውም ከሞላ ጎደል ሁሉም የካናዳ ነው ማለት ነው። ሜድ ኢን ካናዳ ደግሞ የመጨረሻው ዋና ሥራ እዚህ ተሠራ ማለት ነው፣ ግብዓቱ ከውጭ ከሆነ ከስሩ መጻፍ አለበት፣ እሱን ነው ማንበብ ያለባችሁ። ምግብ ላልሆነ ዕቃ ፕሮዳክት ኦፍ ካናዳ ለመባል ከወጪው 98 በመቶው እዚህ መውጣት አለበት፣ ሜድ ኢን ካናዳ ለመባል 51 በመቶ ይበቃል። ኢምፖርትድ ባይ ብሎ የቶሮንቶ አድራሻ የጻፈ ግን ምንም አልነገራችሁም፣ አስመጪው የት እንደሚቀመጥ ነው የነገራችሁ።

ባርኮዱን አይታችሁ አገሩን ታውቃላችሁ የሚለውን ቲክቶክ ተዉት በቃ፣ ቁጥሩ የሚያሳየው ኩባንያው ኮዱን የት እንዳስመዘገበ እንጂ ዕቃው የት እንደተሠራ አይደለም፣ የአሜሪካና የካናዳ ቁጥር ደግሞ ድሮም ተደባልቋል። ፍራፍሬ ላይ የሚለጠፈው ባለ 4 አሃዝ ቁጥርም የፍሬውን ዓይነት ነው የሚናገረው፣ አገሩ ካለ እዛው ስቲከሩ ላይ በቃል ተጽፏል።

መደርደሪያ ላይ የሚለጠፍ የሜፕል ቅጠልም አትመኑ። ሱቆች የውጭ ዕቃ ላይ ቅጠል እየለጠፉ ሲሸጡ ሰዉ ለምግብ ቁጥጥር ኤጀንሲው አቤት ሲል ነበር፣ ስምም ወጥቶለታል ሜፕል ዋሺንግ ተብሎ። ትልቁ የሱቅ ሰንሰለት ሎብሎ ደግሞ ታሪፍ ዋጋውን ያስወደደው ዕቃ ላይ ቲ የምትል ምልክት ያደርግ ነበር፣ እሷ ጥሩ ነገር ነበረች፣ ግን ካናዳ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ አብዛኛውን የአጸፋ ታሪፍ ስላነሳች አሁን ቲ የለውም ማለት አሜሪካዊ አይደለም ማለት አይደለም። ሜፕል ስካንና ባይ ቢቨር የሚባሉ አፖች አሉ፣ ያግዛሉ፣ ግን ፓኬቱ ሌላ ካለ ፓኬቱን ነው የማምነው።

የኛ ቅርጫት

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፣ የጾም ምግብ የሚበላ ቤት ሳያውቀው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ምስር ወደ ውጭ በመላክ ካናዳ የዓለም አንደኛ ናት፣ አብዛኛው ሳስካችዋን ነው የሚበቅለው። የአተር ክክም ሽምብራም እንደዛው ከፕሬሪ፣ ሳስካችዋን ካለችበት የምዕራብ ሜዳ፣ ይመጣል፣ ሰናፍጩም ጭምር። የህንድ ሱቅ ገብታችሁ ትልቁን ከረጢት ቀይ ምስር ስታገላብጡ ብዙ ጊዜ ፕሮዳክት ኦፍ ካናዳ ነው የሚለው፣ አንዳንዱ የቱርክ ነው፣ እሱም ቢሆን አሜሪካ አይደለም። ዘይት ከሆነ ካኖላ ማኒቶባና ሳስካችዋን ውስጥ የተፈለሰፈ የካናዳ እህል ነው፣ እሱ ላይ ማሰብ አያስፈልግም።

ሽንኩርት ከሆነ፣ ከቶሮንቶ በስተሰሜን ሆላንድ ማርሽ የሚባል ጥቁር አፈር አለ፣ ካሮቱም ሽንኩርቱም እዛ ይመረታል፣ ሽንኩርቱ ተቀምጦ ክረምቱን ስለሚሸጥ በጃንዋሪም የኦንታሪዮ ታገኛላችሁ፣ ጆንያው ላይ ያለውን ወረቀት እዩ ብቻ። ድንች ከኦንታሪዮም ከፕሪንስ ኤድዋርድ አይላንድም አለ፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ችግር የለም። ቲማቲም ከሌሚንግተንና ኪንግስቪል ግሪንሀውስ ነው፣ በክረምት ትንሽ ይወደዳል። ነጭ ሽንኩርት ሱቅ ያለው አብዛኛው የቻይና ነው፣ የኦንታሪዮው ከጁላይ በኋላ ገበሬ ገበያ ላይ ይወጣል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል፣ ሽታው ደግሞ ሌላ ነው።

የሚያስቸግረው ቅጠላ ቅጠል ነው። ሰላጣ ከበጋ ውጪ በብዛት ካሊፎርኒያ፣ በክረምት ደግሞ አሪዞና ነው፣ በፕላስቲክ ሣጥን የሚመጣው የኦንታሪዮና የኩቤክ ግሪንሀውስ ሰላጣ አማራጭ ነው ግን ለትልቅ ቤተሰብ አያዋጣም። የኛ ጎመን፣ ኮላርድ የሚሉት፣ ከበጋ ውጪ ከአሜሪካ ነው የሚመጣው፣ በበጋ ኬል ወይ ኮላርድ ከገበሬው ገዝቶ ቀቅሎ ፍሪዘር ማድረግ የሚችል ያድርግ፣ የማይችል ደግሞ በክረምት ጥቅል ጎመን ይብላ ወይ የአሜሪካውን ይግዛ፣ በጎመን ማንም አይፈርድባችሁም። ብርቱካን ቀላል ነው፣ ሞሮኮ፣ ስፔን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅ እንደየወቅቱ አለ፣ የሞሮኮዋ ትንሿ ክሌመንታይን ከፍሎሪዳው ትበልጣለች ብል የሚቃወመኝ የለም።

ለፍስክ ደግሞ ወተት፣ ዕንቁላልና ዶሮ ካናዳ ውስጥ በኮታ ሥርዓት ስለሚመረቱ አብዛኛው የአገር ውስጥ ነው፣ ለንጥር ቅቤ የምትገዙት ቅቤ ላይ ሰማያዊ ላም ያለበትን ምልክት ካያችሁ የካናዳ ወተት ነው። ባለቤት ለሚያጠብቅ ሰው፣ ናትረል የኩቤኩ የገበሬዎች ማኅበር የአግሮፑር ነው፣ ኒልሰን የሞንትሪያሉ ሳፑቶ ነው፣ ቢያትሪስ የፈረንሳዩ ላክታሊስ ነው፣ አሜሪካ አንዳቸውም ውስጥ የለችም። አንድ ጥንቃቄ፣ ለዶሮ ወጥ የምንፈልገው ጠንካራው አሮጌ ዶሮ ከአሜሪካም ስለሚገባ ሥጋ ቤቱን ጠይቁ። ክትፎም ከሆነ የአልበርታ በሬ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስኳር ላይ ብዙ ሰው አያውቅም። ቶሮንቶ ሐይቁ ዳር ያለው ትልቁ የሬድፓዝ ፋብሪካ እዚህ ነው የሚሠራው፣ ባለቤቱ ግን አሜሪካ ነው፣ ላንቲክ ግን በባለቤትም ካናዳዊ ነው፣ አልበርታ ውስጥ ከስኳር ድንች ሳይሆን ከስኳር ቀይ ሥር የሚያወጣውም እሱ ነው። ዱቄት ላይ ሮቢን ሁድ የአሜሪካው ስማከርስ ነው፣ ስንዴው ከዚሁ ቢሆንም፣ ፋይቭ ሮዝስ ደግሞ የዊኒፔጉ ፓሪሽ ኤንድ ሃይምቤከር ነው። ፓስታ ከሆነ ባሪላ ስሙ ጣሊያን ይሁን እንጂ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ትልቅ ፋብሪካ ስላለው ፓኬቱን አገላብጡ፣ ኢታልፓስታ ብራምተን ነው፣ ስንዴውም የካናዳ፣ ልጆቹ ልዩነቱን አያውቁትም።

ጠጅ የምትጥሉ ካላችሁ ማሩን ከፕሬሪ ግዙ፣ ካናዳ ነምበር ዋን የሚለው ደረጃ እንጂ አገር እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ፣ ከአርጀንቲና ጋር የተደባለቀ ሊሆን ይችላል፣ ከስሩ ይጽፉታል። ጌሾው መቼም ከአገር ቤት ነው። ቡናማ ካናዳ አይበቅልም፣ አሜሪካም ከሃዋይ ከመሳሰለው ጥቂት በስተቀር የለም፣ ጥሬውን ከሐበሻ ሱቅ ገዝቶ ቤት መቁላት ከሁሉም አማራጭ ይበልጣል፣ ስታርባክስን በምን እንተካው ለሚል ሐበሻ መልስ የለኝም።

ጤፉስ?

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት የምንበላው ጤፍ አብዛኛው የአይዳሆ ነው። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ 1970ዎቹ ውስጥ ኢትዮጵያ ሠርቶ ሲመለስ የስኔክ ሪቨር አካባቢ አየሩም መሬቱም አገራችንን ስለመሰለው ዘርቶ ጀመረው፣ ማስካል እየተባለ የሚሸጠው ጤፍ የሱ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በፈረንጅ 2006 ላይ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፣ የተጋገረ እንጀራ ግን ይወጣል። ስለዚ ከሁሉም ይበልጥ የኛ ነው የምንለው ምግብ በሌብል አሜሪካዊ ሆኖ ቁጭ።

አማራጮቹን ላስቀምጥ። አንደኛው በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንጀራ ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶሮንቶ ስለሚበር ትኩስነቱ አይከፋም፣ ግን በዋጋ ይከብዳል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከተበላ ይሆናል፣ ለዕለት ተዕለት ግን ለብዙ ቤት አይዘለቅም። ሁለተኛው ሌላ አገር የበቀለ ጤፍ ነው፣ ሆላንድም ስፔንም ደቡብ አፍሪካም ይዘራል፣ እዚህ ሱቅ ላይ ግን እንደ ዕድላችሁ ነው፣ በትንሽ ፓኬት በጤና ምግብ ዋጋ። ሦስተኛው መደባለቅ ነው። ብዙ እንጀራ ጋጋሪ ድሮውንም ገብስ፣ ማሽላ፣ ሩዝ ወይ ስንዴ ይቀላቅላል፣ ካናዳ ደግሞ የገብስ አገር ናት፣ ጤፉን ግማሽ አድርጎ ሌላውን በካናዳ ገብስ ዱቄት መሙላት ዋጋውንም ያወርዳል፣ ዓይኑም ያን ያህል አይጠፋም፣ እርሾው ግን ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ቀኑን ማሳጠር ነው። አራተኛው እንደነበረው መቀጠል ነው።

የኔን ከጠየቃችሁ ሦስተኛውን ለቤት፣ አራተኛውን ለእንግዳ። የሐበሻ ሱቁን ባለቤት ግን ለምን የአይዳሆ ጤፍ ትሸጣለህ ብሎ መጨቅጨቅ ግፍ ነው። ቶሮንቶ የሐበሻ ሰፈር ዳንፎርዝ ላይ በዚህ ኪራይ ሱቅ ከፍቶ የቆመ ሰው ሌላ ምን አምጥቶ ይሽጥ?

ሱቁና አከፋፈሉ

ዋልማርትና ኮስኮ አሜሪካዊ ናቸው፣ ኖ ፍሪልስ የሎብሎ፣ ፉድ ቤዚክስ የሜትሮ፣ ፍሬሽኮ የሶቢስ፣ ሦስቱም ካናዳዊ። ግን ካናዳዊ ስለሆነ ጻድቅ ነው እንዳይመስላችሁ፣ ሎብሎና እናት ኩባንያው ጆርጅ ዌስተን የዳቦ ዋጋ ተመሳጥረን አስወድደናል ብለው ራሳቸው አምነው ለክሱ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። እና ምርጫው በሁለት ክፉ መሃል ሲሆን ሦስተኛው መንገድ የሰፈር ሱቅ ነው፣ የህንዱ፣ የሶማሌው፣ የሐበሻው፣ ምስርና ቅመሙ እዛ ይረክሳልም። ቤተሰቡ ትልቅ ሆኖ ኮስኮ ካልሆነ ማይቆም ቤት አለ፣ እሱ ኮስኮ ይግባና ውስጥ ያለውን የካናዳ ዕቃ ይግዛ፣ እኔ ብሆን የማደርገው እሱን ነው።

ማንም የማያወራለት ትልቁ ነገር ግን ካርዱ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ አሜሪካዊ ናቸው፣ የካናዳ ምስር በቪዛ ስትገዙ ከዋጋው የተወሰነ በመቶ ሱቁ ይከፍላል፣ ከዛ ላይም ለኔትወርኩ ይደርሰዋል። ኢንተራክ ግን 1984 ላይ በካናዳ ባንኮች የተቋቋመ የአገር ውስጥ ኔትወርክ ነው፣ በደቢት ካርዳችሁ ሱቅ ውስጥ ታፕ ስታደርጉ በሱ ነው የሚሄደው፣ ለሱቁም የሚያስከፍለው በመቶ ሳይሆን ሳንቲም ነው። ስለዚ የሐበሻ ሬስቶራንት ገብታችሁ ለ6 ሰው ስትከፍሉ ደቢት ማድረግ ባለቤቱንም ያስደስተዋል። ደቢቱ ላይ የቪዛ ምልክት ካለ ኦንላይን ስትከፍሉ በቪዛ መንገድ እንደሚሄድ ግን እወቁ። ክሬዲት ካርዱ ለፖይንትና ለክሬዲት ስኮር ያስፈልገኛል የሚል ካለ ትክክል ነው፣ አዲስ ለመጣ ሰውማ ስኮር የግድ ነው፣ እሱ ክሬዲቱን ለስልክ ቢል ይተወው።

ቤንዚን ለሚቀዳ፣ ኤሶ በብዛት የኤክሶንሞቢል ነው፣ ፔትሮ ካናዳ የካልጋሪው ሰንኮር ነው። ምግብ ማዘዝ ከሆነ ኡበር ኢትስንና ዶርዳሽን ትቶ ሬስቶራንቱ ጋ ደውሎ ሄዶ መውሰድ ነው፣ አፑ የሚወስደው ኮሚሽን ለባለቤቱ ይቀርለታል። ታክሲ ላይ ግን አፌን አልሞላም፣ ስንቱ ወንድማችን ኡበር ላይ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ ሆፕ የሚባለው የኢስቶኒያው ቦልት አፕ 2025 ላይ ቶሮንቶ ገብቷል፣ ሹፌሮቹን ራሳቸውን የቱ ይሻላችኋል ብላችሁ ጠይቁ።

ስልክና ኮምፒውተር

ዲጂታሉ ላይ በሁለት መክፈል ነው፣ በየወሩ ብር የምትከፍሉበትና በነፃ የምትጠቀሙበት። ውጤት ያለው የመጀመሪያው ላይ ነው፣ ሰላጣ ስትመርጡ ከምታድኑት በላይ አንድ ሰብስክሪፕሽን ስትሰርዙ ይወጣላችኋል። ኔትፍሊክስን ለመተው ሲቢሲ ጄም ነፃው አለ፣ ክሬቭ የቤል ነው፣ ለልጆች የኦንታሪዮው ቲቪኦ ኪድስ ነፃና ማስታወቂያ የሌለው ነው፣ እኔ ከሁሉም እሱን ነው የምመክረው። ፕራይምን የሚሸጠው አማዞን ደግሞ ጃንዋሪ 2025 ላይ ኩቤክ ያሉትን 7 መጋዘኖች እዘጋለሁ ብሎ 1,700 ቋሚ ሠራተኛ ያሰናበተ ነው፣ ላቫል ላይ ሠራተኞች ዩኒየን ካቋቋሙ በኋላ፣ ብዙ ወገን መጋዘን ስለሚሠራ ይሄ ከታሪፉ በፊትም ያበሳጨን ጉዳይ ነው። ዕቃውን አማዞን ላይ አይታችሁ ከሻጩ ዌብሳይት በቀጥታ መግዛት ይቻላል፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት በኦታዋው ሾፒፋይ ነው። ሙዚቃ ስፖቲፋይ ስዊድን ነው፣ ዲዘር ፈረንሳይ። ፋይል ማስቀመጫ ሲንክ የሚባለው የቶሮንቶ ነው፣ ፓስወርድ መያዣ ዋንፓስወርድም የቶሮንቶ፣ ታክስ ስትሞሉ ከተርቦታክስ ይልቅ ዌልዝሲምፕል ታክስ።

ሕጉ ለምን ያሳስባል ለሚል፣ አሜሪካ 2018 ላይ ያወጣችው ክላውድ አክት የሚባል ሕግ አለ፣ የአሜሪካ ኩባንያ ዳታው የትም አገር ሰርቨር ላይ ቢሆን ፍርድ ቤት ካዘዘ ያስረክባል። ጁን 2025 ላይ የማይክሮሶፍት ፈረንሳይ የሕግ ኃላፊ የፈረንሳይ ሴኔት ቀርቦ በመሐላ ሲጠየቅ የፈረንሳይ ዜጎች ዳታ ፈረንሳይ ሳትፈቅድ አይሰጥም ብዬ ዋስትና ልሰጥ አልችልም አለ። የጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልስታይን 30,000 የሚሆን የመንግሥት ሠራተኛዋን ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ሊብሬኦፊስ እያዛወረች ነው፣ የዴንማርክ ዲጂታል ሚኒስቴርም እሱኑ ጀመረ። ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ አማርኛ ይጽፋል፣ ለደብዳቤና ለሲቪ ይበቃል።

ኢሜይል ላይ የስዊዘርላንዱ ፕሮቶንና የጀርመኑ ቱታ ናቸው ዋናዎቹ። ነፃው ቦታ ትንሽ ነው፣ 1 ጊጋ ገደማ፣ ጂሜይል 15 ጊጋ ይሰጣል። ፕሮቶን ከጂሜይል ያለውን ሁሉ ስቦ ያመጣል፣ ለጀማሪ እሱ ይቀላል። አሁን ይሄን በጥሞና አንብቡልኝ፣ ኢሚግሬሽን ላይ ፋይል ያላችሁ፣ ስፖንሰር አድርጋችሁ ባል ወይ ሚስት ወይ ወላጅ የምትጠብቁ፣ ፒአር፣ ማለት ቋሚ መኖሪያ፣ የምትጠብቁ፣ ኢሜይላችሁን አትንኩት። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አይአርሲሲ ለቃለ መጠይቁም ለሜዲካሉም ለፓስፖርቱም የሚጽፈው በዛ አድራሻ ነው፣ ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ አምልጧችሁ ፋይሉ ቢዘጋ ትራምፕ አይጎዳም። ጉዳዩ ሲያልቅ ትቀይራላችሁ። ያኔም ጂሜይሉን ሳትዘጉ ባንኩን፣ የታክስ መሥሪያ ቤቱን ሲአርኤን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት አንድ በአንድ እያዛወራችሁ ለጥቂት ወራት ሁለቱንም ክፍት አድርጉ።

ብሮውዘር የኖርዌዩ ቪቫልዲ ጥሩ ነው፣ ውስጡ ያለው ሞተር የጉግል ክሮሚየም ቢሆንም። ፍለጋ ላይ የበርሊኑ ኢኮሲያና የፈረንሳዩ ኳንት አሉ፣ በእንግሊዝኛ ይሄዳሉ፣ በአማርኛ ስትፈልጉ ግን ጉግል ትናፍቃላችሁ። ካርታ ላይ ሂር ዊጎ አለ፣ ኦርጋኒክ ማፕስም አለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ የ401 አውራ ጎዳናን ትራፊክ ለማወቅ ግን ጉግል ማፕስን የሚያህል የለም። ስልኩ ራሱ አንድሮይድም ይሁን አይፎን ሥርዓቱ አሜሪካዊ ነው፣ ይሄን የምጽፍበት ኪቦርድ ሳይቀር የጉግል ነው። ግራፊን ኦኤስ የሚባል በጣም ጠንካራ ሥርዓት አለ፣ የካናዳ ፋውንዴሽን ነው የሚሠራው፣ የሚሠራው ግን ጉግል ፒክስል ስልክ ላይ ነው፣ ሳቁ ብቻ።

ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም፣ ሲግናል። ዋትሳፕ የሜታ ነው፣ በዛ አለቀ። ቴሌግራም አሜሪካዊ አይደለም፣ መቀመጫው ዱባይ ነው፣ አገር ቤት ያለው ዘመድ ሁሉ እዛ አለ፣ ስለዚ አሜሪካን ለመተው ብቻ ከሆነ ቀላሉ እሱ ነው። ግን ምስጢር ለመጠበቅ ከሆነ ተራው ቻትና ግሩፑ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለት ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም እንዳያነበው፣ አልተቆለፈም፣ ሲክሬት ቻት ብላችሁ ለብቻ ካልከፈታችሁ በስተቀር፣ ዋትሳፕ ደግሞ ተቆልፏል። ሲግናል ከሁሉም የጠነከረ ነው፣ ግን አሜሪካዊ ነው፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ከናንተም ሳንቲም አይወስድም። እኔ ሲግናልን ቦይኮቱ ውስጥ አላስገባውም። የስዊሱ ስሪማ ሁለቱንም ያሟላል፣ ግን ተከፍሎ ነው የሚገባው፣ ጎንደር ያለች አክስቴን ክፈይ ልላት አልችልም። ቤተሰቡ ቀድሞ ያለበት ላይ ሁኑ፣ እናት ሲደውሉ የማይገኝ ልጅ ከመሆን ዋትሳፕ ይሻላል።

ዩቲዩብን አልነካውም። መዝሙሩም ስብከቱም ዜናውም ድራማውም እዛ ነው፣ ምትክ የለውም፣ ፕሪሚየሙን አለመክፈል ይበቃል።

አውሮፓ ላላችሁ አንድ መስመር፣ ዴንማርክ ውስጥ ትራምፕ ግሪንላንድን እወስዳለሁ ባለበት ጉዳይ የተነሳ የሱቅ ሰንሰለቱ ሳሊንግ ግሩፕ ማርች 2025 ላይ ኔቶ፣ ፎቴክስና ቢልካ በሚባሉ ሱቆቹ ውስጥ ባለቤቱ አውሮፓዊ የሆነ ዕቃ ዋጋ ላይ ጥቁር ኮከብ ማድረግ ጀምሯል፣ እዛ መለኪያው ባለቤት ነው እንጂ የተሠራበት ቦታ አይደለም፣ ከላይ ካልኩት በተቃራኒ።

ብር መላክ

ዌስተርን ዩኒየን ዴንቨር ነው፣ መኒግራም ዳላስ፣ ሬሚትሊ ሲያትል፣ ሪያም የአሜሪካው ዩሮኔት ነው። ወርልድሬሚት የለንደን ነው፣ ሴንድዌቭም የዛው ቤተሰብ ሆኗል፣ ዳሃብሺል የሶማሌዎች ነው። ስለዚ አማራጭ አለ፣ ግን እዚህ ላይ አገር ሳይሆን ሒሳብ ይቅደም። ብሩ ጁላይ 29 ቀን 2024 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የምንዛሪው ልዩነት ከአፕ አፕ፣ ከቀን ቀን ይለያያል፣ ዜሮ ክፍያ የሚለው ብዙ ጊዜ ምንዛሪው ላይ ነው የሚወስደው። ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ ያንኑ 200 ዶላር አስገቡና እዛ የሚደርሰውን ብር ብቻ አወዳድሩ። ልዩነቱ የአንድ ማኪያቶ ከሆነ አሜሪካዊ ያልሆነውን ላኩበት፣ የመድኃኒት ወይ የቤት ኪራይ ከሆነ ግን ብዙ ብር በሚያደርሰው ላኩ። ስትከፍሉ በክሬዲት ካርድ አይሁን፣ አንዳንዱ ባንክ እንደ ካሽ አድቫንስ ቆጥሮ ከዛኑ ቀን ጀምሮ ወለድ ያስባል፣ በደቢት ወይ ከባንክ አካውንት በቀጥታ ይሁን።